የሥራ ማስታወቂያ ለምትጽፉ ልጆቼ

ይህን የምጽፈው በሰው ኃይል ክፍል ሥራ ለጀመራችሁ ልጆች ነው። አለቃ ጠርቶ «ነገ የሚወጣ ማስታወቂያ አዘጋጁ» ሲላችሁ የአምናውን ፋይል ከፍታችሁ፣ የመደቡን ስም ብቻ ቀይራችሁ ለምትልኩ። እኔም ብዙ ዓመት እንደዚያው አድርጌያለሁ። በዚህ ሙያ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። ስጀምር ክፍላችን «ፐርሶኔል» ነበር የሚባለው። ማስታወቂያውን በታይፕ መትተን በመልእክተኛ ወደ ጋዜጣ እንልክ ነበር። ዛሬ እናንተ በስልካችሁ ትለቁታላችሁ። ውስጡ ያለው ቃል ግን ያው ነው። የሥራ መደቡ መጠሪያ፣ ተፈላጊ ችሎታ፣ የሥራ ልምድ፣ ብዛት፣ ደመወዝ በስምምነት።

ስለ ማስታወቂያ ሳስብ አንዲት ልጅ ትታወሰኛለች።

ሃያ ዓመት ገደማ ይሆነዋል። እሠራበት የነበረው ድርጅት ለመጋዘኑ ሰው ፈልጎ ማስታወቂያ አወጣን። የጻፍኩት እኔ ነኝ። «አመልካቾች የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃችሁን ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ በመያዝ በዋናው መሥሪያ ቤት በአካል ቀርባችሁ እንድትመዘገቡ» ብዬ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አንዲት ልጅ መጣች። ወረቀቶቿን በፕላስቲክ ክላሰር ሰድራ ይዛለች። መዘገብኳትና ልትወጣ ስትል ዞር ብላ «እትዬ፣ ሥራው የት ነው?» አለችኝ።

«ጅማ ነው፤ ቅርንጫፍ አለን» አልኳት።

ዝም ብላ ቆመች። ቀስ ብላም «እኔም የመጣሁት ከጅማ ነው» አለች።

ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያኔ መንገዱ ቀኑን ሙሉ ይፈጅ ነበር። ዘመድ ቤት አድራለች። የመሳፈሪያውን ገንዘብ ማን እንደሰጣት አልጠየቅኳትም፤ ለመጠየቅም አፈርኩ። መጋዘኑ ከሰፈሯ በእግር የሚደረስ ሊሆን ይችላል። «የሥራ ቦታ፡ ጅማ» የሚሉ ሦስት ቃላት ብጽፍ ኖሮ፣ ቅርንጫፉም ማመልከቻ እንዲቀበል ባደርግ ኖሮ፣ ይህ ሁሉ አይደርስባትም ነበር። እኔ ግን የአምናውን ማስታወቂያ ገልብጬ ነው የላክሁት።

በሌላው በኩል እኛም አልተጠቀምንም። ከሁለት መቶ በላይ ሰው አመለከተ። አብዛኛው የአዲስ አበባ ሰው ነው። ፈተና አወጣን፣ ቃለ መጠይቅ አደረግን፣ ጥሩ ውጤት ያመጣውን ቀጠርን። ልጁ ጅማ ሄዶ ወር ከምናምን ሠራና ትቶ ተመለሰ። አልፈርድበትም። የሚሄድበትን አገር እንኳ ያወቀው ከፈተናው በኋላ ነው።

ልጆቼ፣ የእኛ አገር የሥራ ማስታወቂያ ትልቁ ችግር እዚህ ላይ ይመስለኛል። ስለምንፈልገው ሰው ይዘረዝራል፤ ስለ ሥራው አንድ ቃል አይናገርም። ዲግሪ፣ አምስት ዓመት፣ ኮምፒውተር የሚችል፣ ዋስ ማቅረብ የሚችል። ይህ ሰው ጠዋት ገብቶ ምን ይሠራል? ተጠሪነቱ ለማን ነው? ያመሻል? ፊልድ ይወጣል? አንባቢው ይህን ካላወቀ ለሁሉም ያመለክታል። ምርጫ ስለሌለው ይሞክራል። እናንተም የፎቶ ኮፒ ክምር ውስጥ ስትፈልጉ ትውላላችሁ።

እንዲህ አጥሮ የቀረበት ምክንያት አለው። ጋዜጣ ላይ የሚከፈለው በቦታ ነው። መስመር በጨመረ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ስለዚህ አለቆቻችን «አሳጥሪው» ይሉን ነበር፤ የምንቆርጠው ደግሞ ሁልጊዜ የሥራውን ዝርዝር ነበር። አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይተው፣ የማስታወቂያውን ገጽ ብቻ ገልጠው፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ስልክ ቁጥር መዳፋቸው ላይ ሲጽፉ የማያቸው ወጣቶች ያችን የተቆረጠች ቁራጭ ነበር የሚያነቡት። ዛሬ ቴሌግራም ላይ ቦታ ነፃ ነው። አምስት መስመር ብትጨምሩ ማንም አያስከፍላችሁም። ልማዱ ግን አብሮን መጣ።

እና ማስታወቂያ ከመጻፋችሁ በፊት ከወንበራችሁ ተነሱ። ሰው የሚፈልገው ክፍል ሂዱ። ኃላፊውን ብቻ አትጠይቁ። አጠገቡ የሚሠራውን፣ ከተቻለ ሥራውን ትቶ የሚሄደውን ሰው ጠይቁ። «ቀንህ እንዴት ነው የሚውለው? ምኑ ነው የሚያስቸግርህ?» በሉት። አንድ ጊዜ ለከባድ መኪና ሾፌር ማስታወቂያ ልጽፍ ስል አንድ ነባር ሾፌር «በጋላፊ በኩል ጅቡቲ እንደሚሄድ ጻፊለት፤ ከወሩ ግማሹን ከቤቱ ውጭ እንደሚያድር ጻፊለት። ያንን አንብቦ የመጣ ሰው አይለቅም» አለኝ። ጻፍኩት። ኃላፊው ሰው ያሸሻል ብሎ ፈርቶ ነበር። እውነትም የመጣው ሰው ቀነሰ። የመጡት ግን መንገዱን የሚያውቁ፣ የአፋርን ሙቀት የለመዱ፣ አበሉ ስንት እንደሆነ ቀድመው የሚጠይቁ ሾፌሮች ነበሩ። ይህ ለእኔ ትልቅ ትምህርት ነበር። ማስታወቂያ ሰው ይጠራል፤ የማይሆነውንም ሰው በጊዜ «ይህ ላንተ አይደለም» ብሎ ያሰናብታል።

አሁን ደመወዝ ላይ ልምጣ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ፤ ያንገበግበኛልና።

«ደመወዝ በስምምነት» የሚለውን ቃል በሕይወቴ ስንት መቶ ጊዜ እንደጻፍኩት አላውቅም። ስምምነት የሚባለው ግን አብዛኛውን ጊዜ የለም። ድርጅቱ የደመወዝ ስኬል አለው። በጀቱ ተይዟል። ሰውየው የሚነገረው መጨረሻ ላይ ነው፤ ወይ ይቀበላል ወይ ይተዋል። አንድ ጊዜ ለፋይናንስ ኃላፊነት አንድ ጎበዝ ሰው አገኘን። የጽሑፍ ፈተና አለፈ። ሁለት ጊዜ ቃለ መጠይቅ አደረግን። የቀድሞ አለቆቹን ደውለን ጠየቅን። አምስት ሳምንት ፈጀ። ደመወዙን ስንነግረው «አሁን የማገኘው ከዚህ ይበልጣል፤ ብትነግሩኝ ኖሮ አላደክማችሁም ነበር» ብሎ አመስግኖን ወጣ። ሁለተኛ ለወጣችው ሴት ስንደውል ሌላ ቦታ ገብታለች።

አለቆች ደመወዝ እንዳይጻፍ የሚሰጡት ምክንያት ሁለት ነው። ነባሩ ሠራተኛ አይቶ ይቆጣል፤ ተወዳዳሪ ድርጅት አይቶ ሰው ይነጥቀናል። ነባሩ ሠራተኛ እኮ ያውቃል። የፔይሮል ወሬ ሻይ ቤት ለመድረስ አንድ ቀን አይፈጅበትም። ተወዳዳሪውም ያውቃል፤ ከእናንተ የሄዱት ልጆች እሱ ጋ ናቸው። የማያውቀው አመልካቹ ብቻ ነው። የእህቴ ልጅ ኮሎራዶ ትኖራለች። እዚያ ከ2021 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶ በሥራ ማስታወቂያ ላይ ደመወዝ መጻፍ የሕግ ግዴታ ነው። ሥራ ስትቀይር የሚከፈለውን አይታ፣ ለቤት ኪራይዋ ይበቃ እንደሆነ አስልታ ነው የምታመለክተው። እኛ ግዴታው ባይኖርብንም መጻፍ የሚከለክለን ነገር የለም። ቁርጥ ያለ ቁጥር መጻፍ ካልተፈቀደላችሁ ከዚህ እስከዚህ ብላችሁ ጻፉ።

ስትጽፉም ያልተጣራ መሆኑን ግለጹ። «12,000 ብር» ብቻ ስትሉ ገና የተመረቀ ልጅ 12,000 ብር እጁ የሚገባ ይመስለዋል። የሥራ ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ሲነሣለት 9,000 እንኳ አይሞላም። የመጀመሪያ ደመወዙን ሲቀበል ፊቱ የሚጠቁር ልጅ አይቻለሁ። ማንም አልዋሸውም፤ ማንም ግን አልነገረውም።

ሕጉ የሚያስገድዳችሁን ነገር ደግሞ «ማራኪ ጥቅማ ጥቅም» ብላችሁ አታቅርቡ። አሠሪው የሚያዋጣው 11 በመቶ ጡረታና የዓመት ፈቃድ የሠራተኛው መብት ነው። ከዚያ በላይ የምትሰጡት ካለ በስሙ ጥሩት። ሕክምናው እስከ ስንት ብር ይሸፍናል? ቤተሰብን ይጨምራል? ቦነስ አለ? ሰርቪስ አለ? ካለስ በየት በኩል ያልፋል? ቃሊቲ ለሚገኝ ፋብሪካ ሱሉልታ የምትኖር ልጅ ማመልከት አለማመልከቷን የምትወስነው በሰርቪሱ ነው። ከታች «ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ» የሚል መስመር እንጨምራለን። ማታ ሦስት ሰዓት ለሚያልቅ ፈረቃ ሰርቪስ እንዳለ መጻፍ ከዚያ መስመር በላይ ያበረታታል።

የሥራ ልምድ ላይም ጠይቁ። «አምስት ዓመት» ሲባል ለምን አምስት? ሁለት ዓመት የሠራ ሰው የማይችለው ምኑን ነው? ኃላፊው መልስ ከሌለው ቀንሱት። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ልጆቻችን የመውጫ ፈተና ወስደው ነው የሚመረቁት። ፈተናውን አልፈው መጥተው ለደብዳቤ መዝገብ ሥራ «ሦስት ዓመት ልምድ» ሲባሉ ልምዱን ከየት ያምጡት? ሥራው ለጀማሪ የሚሆን ከሆነ «0 ዓመት» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። ልምድ መቁጠር ካለባችሁም ልምዱ ምን ላይ እንደሆነ ተናገሩ። «አግባብ ያለው» የሚለው ቃል አግባቡን የሚያውቀው ጸሐፊው ብቻ ነው።

«መልካም ተክለ ቁመና ያላት»፣ «ዕድሜዋ ከ28 ያልበለጠ» የሚሉትን ዛሬም አያለሁ። እባካችሁ ይቅር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በአካል ጉዳትና በመሳሰሉት ማዳላትን ይከለክላል። አካል ጉዳተኞችን በሚመለከትም ከዚያ አስቀድሞ የወጣ ሌላ አዋጅ አለ፤ ቁጥር 568/2000። ሕጉን ለጊዜው እንተወውና፣ እንግዳ ተቀባይ የምትፈልጉ ከሆነ የምትፈልጉት ሰውን በትዕግሥት የሚያስተናግድ፣ ስልክ አጥርቶ የሚያነጋግር ሰው ነው። እሱን ጻፉ።

ትንንሽ የሚመስሉ ሁለት ነገሮችም አሉ። «ይህ ማስታወቂያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 7 ተከታታይ የሥራ ቀናት» የሚለው አባባል ለጋዜጣ ይሠራ ነበር፤ ጋዜጣ ላይ ቀን አለ። ቴሌግራም ላይ አንዱ ከሌላው እየወሰደ ሲለጥፈው መቼ እንደወጣ ማን ያውቃል? «እስከ የካቲት 30 ቀን ከቀኑ 11፡00» በሉ። ሌላው የድርጅታችሁ ስምና አድራሻ ነው። «አንድ ታዋቂ ድርጅት» እያለ ስሙን የሚደብቅ ማስታወቂያ ለአጭበርባሪዎች መንገድ ከፍቷል። «የመመዝገቢያ» እያሉ ከሥራ ፈላጊ ገንዘብ የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። ስማችሁን፣ የቢሮ ስልካችሁን፣ «ለማመልከት ምንም ክፍያ የለም» የሚለውን ጻፉ።

ሰው ተይዞለት የሚወጣውን ማስታወቂያ በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ማን እንደሚቀጠር ታውቆ፣ ፋይል እንዲሟላ ብቻ አውጡ ስትባሉ «ከውስጥ በደረጃ ዕድገት እንሙላው» በሉ። ሁልጊዜ አይሳካላችሁም። እኔም ሁልጊዜ አልተሳካልኝም። ግን ከእነዚያ ሁለት መቶ ሰዎች እያንዳንዱ የፎቶ ኮፒና የታክሲ ከፍሎ ነው የሚመጣው።

ወደ ጅማው ሥራ ልመለስ። ልጁ ትቶት ሲመጣ ማስታወቂያውን እንደገና ጻፍኩት። ይህን ያህል ነበር፦

«የግምጃ ቤት ሠራተኛ፣ አንድ ሰው። የሥራ ቦታ ጅማ ከተማ፣ የቡና መጋዘን። የሚገባውንና የሚወጣውን ቡና እያስመዘነ ይረከባል፣ ያስረክባል፤ ደረሰኝ ይቆርጣል፤ ስቶክ ካርድ ይሞላል፤ ማታ ቆጠራውን ከካርዱ ጋር ያመሳክራል። ከጥቅምት እስከ ጥር ቡና የጫነ መኪና አምሽቶ ስለሚገባ ሥራው ያመሻል፤ ትርፍ ሰዓት ይከፈላል። ሚዛንና መዝገብ የሚያውቅ፣ በግምጃ ቤት ሥራ ሁለት ዓመት የሠራ። ዲፕሎማ ይበቃል። ማመልከቻ የሚቀበለው ጅማ ቅርንጫፍ ነው።»

ከሥሩ ደመወዙ ነበረ። እሱን ለማስፈቀድ ሁለት ቀን ሙሉ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ተከራክሬያለሁ። ጋዜጣ ላይ አላወጣነውም። ጅማ ውስጥ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አስለጠፍነው። አሥራ አንድ ሰው አመለከተ። ከአሥራ አንዱ አራቱን ማንኛቸውንም ብንቀጥር አይቆጨንም ነበር። የተቀጠረው ሰው እኔ ጡረታ ስወጣ እዚያው ነበር፤ የመጋዘኑ ኃላፊ ሆኖ።

ማስታወቂያውን ባስለጠፍኩ ቀን የልጅቷን ስልክ ከፋይሏ አውጥቼ ደወልኩ። የጎረቤት ስልክ ነበር። ጠርተው አመጡልኝ። ሥራው እንደገና መውጣቱንና በዚህ ጊዜ እዚያው ጅማ እንደምታመለክት ነገርኳት። «እትዬ፣ እኔ እኮ ባለፈው ወር ሌላ ቦታ ገባሁ» አለችኝ። ከዚያም ለጓደኛዋ ለመንገር ማስታወቂያው የት እንደተለጠፈ ጠየቀችኝ።