ግጥሙን ልተወው ወይ ላላችሁኝ

ልጆቼ፣ በቅርቡ አንድ ወጣት መጣና ግጥም፣ የፊልም ጽሑፍና የልጆች ተረት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈው። «ጋሼ፣ የቱን ልተው?» አለኝ። እኔንም በእሱ ዕድሜ አንድ አዘጋጅ «ሁሉ አማረሽን ገበያ አያወጧትም፤ ዜናህን ጻፍ» ብሎኝ ነበር። ጅል ነኝ፣ ግጥሙን እርግፍ አድርጌ ተውኩት። እስካሁን ይቆጨኛል።

ለልጁ የሱኒል ጋንጎፓድያይን ነገር አወራሁለት። የቤንጋል ደራሲና ገጣሚ ነው፤ በ1934 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ዛሬ ባንግላዴሽ በሆነው በፋሪድፑር ተወለደ፣ ህንድ ውስጥ ኮልካታ ኖረ። ሁለተኛ ደረጃ ሲጨርስ አስተማሪ አባቱ ልጁ ከጓደኞቹ ጋር ሲዞር እንዳይውል ሰግተው የእንግሊዛዊውን ገጣሚ የቴኒሰንን የግጥም መጽሐፍ ሰጡት፤ በቀን ሁለት ሁለት ግጥም ወደ ቤንጋሊኛ መልስ ተባለ። ቅጣት በሉት። ተርጉሞ ተርጉሞ ሲሰለቸው የራሱን መጻፍ ጀመረ። «ዴሽ» በሚባለው መጽሔት የወጣችለት የመጀመሪያዋ ግጥሙ ርዕሷ «አንድ ደብዳቤ» ነው። በ1953 ከጓደኞቹ ጋር «ክሪቲባስ» የተባለ የወጣት ገጣሚያን መጽሔት መሠረተ፤ ያኔ ገና 20 ዓመት እንኳ አልሞላውም!

ግጥም የቤት ኪራይ አይከፍልምና ጋዜጣ ላይ ሠራ፣ ልብ ወለድ ጻፈ። ታዋቂው የህንድ ፊልም ሠሪ ሳትያጂት ሬይ በ1970 ብቻ ሁለቱን ልብ ወለዶች ፊልም አደረጋቸው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሥራዎቹን ያላደባለቀበት ዘዴው ነው። ለአንዱ ዓይነት ጽሑፍ «ኒል ሎሂት» የሚል የብዕር ስም አወጣ፤ ይሄ ኒል ሎሂት ሥራ የለው፣ አገር ለአገር ይዞራል፣ ዕድሜው ሁልጊዜ 27 ነው፣ ደራሲው ሲሸብት እሱ አያረጅም። ለልጆች ደግሞ በክራንች የሚሄድ ካካባቡ የሚባል ጀብደኛ ፈጠረ፤ እግሩ ባይታዘዘውም ተራራ ይወጣል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኮልካታ ላይ የጻፈው ትልቅ ልብ ወለድ በ1985 የህንድ ብሔራዊ የሥነ ጽሑፍ ተቋም የሆነውን የሳሂትያ አካዳሚን ሽልማት አገኘ። በ2012 ሲሞት ከ200 በላይ መጽሐፍ ነበረው። ሁሉም ወርቅ ነው አልላችሁም፣ ቤንጋሊኛ አላነብም፣ ያነበብኩት በእንግሊዝኛ የተተረጎመውን ጥቂቱን ነው። ያን ሁሉ ጽፎም የመጀመሪያ ፍቅሬ ግጥም ነው ይል ነበር።

ልጁ ዝም ብሎ ሰማኝና «ታዲያ የቱን ልተው?» አለኝ ደግሞ። ምንም አትተው፣ ግን ሦስቱን በአንድ ደብተር አትጻፍ አልኩት። ከዚያ ከመደርደሪያዬ አንድ የድሮ የግጥም መጽሐፍ አውጥቼ ሰጠሁት። በቀን ሁለት። ሲሰለችህ ተመለስ ብዬዋለሁ፤ ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነው፣ አልመጣም።