ኩፔ ወይስ ኤስዩቪ? ዴንቨር አካባቢ ለምትኖረው ወንድሜ

«አውሮራ ነው የምኖረው። ቶዮታ ጂአር86 ልግዛ ወይስ ራቭፎር ፕራይም? የቱ ነው ቶሎ የሚፈተለከው?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ። እኔም እንዳንተ በሁለቱ መሀል ስወዛገብ ከርሜ ነው ኩፔዋን፣ ባለ ሁለት በሯን ጂአር86፣ የገዛሁት። እንዳትቸኩል ብዬ ነው የምጽፍልህ።

1. ወረቀቱን በደንብ አንብብ። ከዜሮ እስከ 60 ማይል በሰዓት ለመድረስ ቶዮታ ለጂአር86 ማንዋሏ 6.1 ሰከንድ፣ ለአውቶማቲኳ 6.6 ይላል። ለፕራይሟ (በቤንዚንም በሶኬት በሚሞላ ባትሪም የምትሄደው ኤስዩቪ፤ በዚህ ስም የተሸጠችው እስከ 2024 ሞዴል ነው) 5.7 ይል ነበር። ገና ከወረቀቱ ኤስዩቪዋ ትቀድማለች! እኔ ግን «ኩፔዋ ከ1,300 ፓውንድ በላይ ትቀላለች፣ ስትነዳ ይለያል» ብዬ አለፍኩት።

2. ከፍታውን አስብ። ዴንቨር 5,280 ጫማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ጫማው 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ለጂአር86 228 የፈረስ ጉልበት የተባለልህ እዚህ 190 ገደማ ነው። በአይ-70 ሃይዌይ ወደ አይዘንሃወር ዋሻ ስትወጣ 11,000 ጫማ ታልፋለህ፤ እዚያ 150 ገደማ ይቀርሃል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግም። ፕራይሟ ካላት 302 ላይ የሚቀንስባት የቤንዚኑ ድርሻ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከዴንቨርም ከ2,000 ጫማ በላይ ትበልጣለች። እዚያ አሮጌ መኪና ይዞ እንጦጦን የወጣ ሰው ነገሩ ይገባዋል።

3. ሳትነዳ አትግዛ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ለሁለት ዓመት የሌሊት ሺፍት እየሠራሁ ያጠራቀምኩትን ይዤ ሄድኩ። ዲለሩ ከተለጠፈው ዋጋ ላይ 4,000 ዶላር ጨመረ። «እሺ፣ ግን አንዴ ልንዳት» አልኩ። ሻጩ ከስልኩ ቀና ሳይል «ለሙከራ አትወጣም። ካልፈለግክ ሌላ ገዢ አለ» አለኝ። ተነስቼ መውጣት ነበረብኝ። ፈረምኩ።

በሳምንቱ ጠዋት ከፓርከር ሮድ ወደ አይ-225 መግቢያው ላይ ቆሜያለሁ። ከፊቴ የሥራ ባልደረባዬ ፕራይም ይዛለች። በኋላ መስኮቷ ሁለት የልጆች ወንበር ይታያል። መኪኖችን አንድ በአንድ የሚያስገባው የመግቢያው መብራት እሷን ለቀቃት፣ ቀጥሎ እኔን። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጥኩት። ሞተሩ ጮኸ፣ ዙሩ 7,000 ደረሰ። የእሷ ታርጋ ግን እያነሰ፣ እያነሰ ሄደ። ከኋላዬ ትልቅ የጭነት መኪና እየመጣ ነበርና ልቤ ቀጥ አለ። የኤሌክትሪክ ሞተር ገና ስትነካው ነው ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጥህ። የእኔዋ ሙሉ ጉልበቷን የምታወጣው 7,000 ዙር ላይ ነው። ስለዚህ ስትሞክር ከቆመችበት ማስነሳት ብቻ አይበቃህም። ከ30 እስከ 70 ማይል ሃይዌይ ላይ ንዳት።

4. ጎማ። ጂአር86 «ፕሪሚየም» የምትባለው ዓይነት በበጋ ጎማ ነው የምትመጣው፣ የሚገፋትም የኋላ እግሯ ነው። በረዶ ሲጥል የክረምት ጎማ ግድ ነው፤ ለብቻው በጀት ያዝለት።

አልሸጥኳትም፤ ልንገርህ፣ አልሸጣትም። ጎልደን አጠገብ የሉክአውት ተራራን ጥምዝምዝ መንገድ ስትወጣ መሪዋ እጅህ ላይ እንዴት እንደሚታዘዝ ማንም ኤስዩቪ አያሳይህም። የጠየቅከው ግን መፈትለክን ነው። ለሱ ፕራይሟን ውሰድ።

ከመወሰንህ በፊት በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ከሥራ ነፃ ነኝ። የእኔን ቁልፍ እሰጥሃለሁ፣ በዚያው የፓርከር መግቢያ ራስህ ትነዳታለህ።