አሠልጣኙ ስለ ኬሚስትሪ ለምን ጠየቀ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ ከአዲስ አበባ የመጣው የ9ኛ ክፍል ትምህርት ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነበር፤ አሁን 11ኛን ሊጨርስ ነው። አገር አቋራጭና 3200 ሜትር ይሮጣል። በቅርቡ በዲቪዥን አንድ፣ ማለትም በከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ፣ ከሚወዳደር ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ደወለለት። ስለ ሩጫው ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠይቆ ስለ ኬሚስትሪ ውጤቱ ሩብ ሰዓት አወራው። አማካይ ነጥቡ 2.9 ነው፤ ትምህርት ቤቱም «ደህና ነው» ይላል። አንዲት የቤተ ክርስቲያን ወዳጄ ግን «የእንግሊዝኛ ጀማሪ ክፍል ስለ ተማረ ኮሌጅ ገብቶ አይሮጥም» ብላ እንቅልፍ ነሳችኝ። ማንን ልመን? ትራንስክሪፕቱን (የውጤት ዝርዝሩን) አያይዣለሁ።
የሯጭ እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ትምህርት ቤቱ አልዋሸዎትም፤ ወዳጅዎም ግማሽ እውነት ይዘዋል። የአሠልጣኙ ጥያቄ ግን ከሁለቱም ይበልጥ ቁም ነገሩን ነክቷል።

2.9 የሚለው ቁጥር እንደ አገራችን የውጤት ካርድ ነው፦ ሒሳቡም፣ የሰውነት ማጎልመሻውም፣ ሥዕሉም ተደምሮ ለትምህርቱ ብዛት ይካፈላል። የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ማኅበር፣ ኤን ሲ ኤ ኤ፣ እንዲህ አይቆጥርም። ለዲቪዥን አንድ 16 ዋና ትምህርቶችን ብቻ ይመርጣል፦ 4 እንግሊዝኛ፣ 3 ሒሳብ ከአልጀብራ አንድ ጀምሮ፣ 2 ሳይንስ፣ ከእነዚሁ ከሦስቱ ዘርፎች 1 ተጨማሪ፣ 2 የኅብረተሰብ ሳይንስ፣ እንዲሁም 4 ሌሎች፤ የውጭ ቋንቋ ከእነዚህ ከአራቱ ይቆጠራል። የ16ቱ አማካይ ከ2.3 ማነስ የለበትም። የትኞቹ ትምህርቶች እንደሚቆጠሩ ደግሞ እያንዳንዱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጸደቀለት ዝርዝር አለው፤ ማንም ሰው ከኤን ሲ ኤ ኤ የብቁነት ማዕከል ድረ ገጽ ሊያየው ይችላል።

የልጅዎን ትምህርት ቤት ዝርዝር ከፍቼ እርሳስ ይዤ ተቀመጥሁ። የ9ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ጀማሪ ክፍሉ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ያመጣት ኤ በቤት የምትኮሩባት ትሁን እንጂ በዚህ ስሌት ዋጋ የላትም። የወዳጅዎ ግማሽ እውነት ይኸው ነው፤ አልተቆጠረም ማለት ግን ልጁን ያስቀራል ማለት አይደለም። የሚቆጠሩት እነዚህ ናቸው፦ እንግሊዝኛ ሲ እና ሲ፤ አልጀብራ አንድ ኤ፣ ጂኦሜትሪ ቢ፣ አልጀብራ ሁለት ሲ፤ ባዮሎጂ ሲ፣ ኬሚስትሪ ዲ፤ ሦስቱ የታሪክና የመንግሥት ትምህርቶች ቢ፣ ሲ፣ ሲ። ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2፣ ዲ 1 ሆኖ ሲደመር 23 ነጥብ ይመጣል። ለ10 ሲካፈል 2.3። አፋፉ ላይ ቆሟል እንጂ አልወደቀም።

አሁን ወደ ኬሚስትሪው። ደንቡ ከ16ቱ 10ሩ የ12ኛ ክፍል ትምህርት ከመጀመሩ በፊት እንዲጠናቀቁ፣ ከእነዚህም 7ቱ የእንግሊዝኛ፣ የሒሳብና የሳይንስ እንዲሆኑ ያዝዛል። የልጅዎን ቆጠርኋቸው፤ ልክ ሰባት፣ ልክ አስር፣ አንድም ትርፍ የለም። 12ኛ ክፍል በተጀመረ ዕለት የአስሩ ውጤት ይቆለፋል፤ ከዚያ በኋላ ዲዋን እንደገና ተምሮ ቢያሻሽልም ለዚህ ስሌት አትለወጥም። የቀረው ይህ ክረምት ብቻ ነው። አሠልጣኙ ሩብ ሰዓት ያወራው ስለዚህ ነው።

በክረምቱ ኬሚስትሪን እንደገና ተምሮ ወደ ቢ ቢያደርስ ነጥቡ 25 ይሆናል፤ 12ኛ ክፍል በሚወስዳቸው ስድስት ዋና ትምህርቶች ሁሉ ሲ ቢያመጣ እንኳ ያልፋል። ካልደገመው ከስድስቱ ቢያንስ ሁለቱ ቢ መሆን አለባቸው። ስድስቱ ደግሞ እንግሊዝኛ 12 እና ከዝርዝሩ ሌላ አንድ እንግሊዝኛ፣ አንድ ሒሳብ ወይም ሳይንስ፣ ከቀሩት ዘርፎች ሦስት ናቸው። ትምህርት ቤቱ አማርኛን የሚያስተምር ከሆነና ከዝርዝሩ ካለ አያመንቱ። ለክረምቱ ግን አንድ ወጥመድ አለ፤ መምህር የሌለው፣ ተማሪው ብቻውን በሁለት ሳምንት የሚጨርሰው የኢንተርኔት ትምህርት ተቀባይነት የለውም። ከመመዝገብዎ በፊት የትምህርቱን ስም ከዝርዝሩ ጋር ያስተያዩ። በSAT (በኮሌጅ መግቢያው ፈተና) ፋንታ የሚያስጨንቅዎ ይህ ይሁን፤ ኤን ሲ ኤ ኤ ያንን ፈተና ከ2023 ጀምሮ ትቶታል፤ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ለመግቢያ ይጠይቁት ይሆናል።

አማካዩ ከ2.0 በላይ ሆኖ ከ2.3 ቢያንስስ? ስኮላርሽፑን ማግኘት፣ በመጀመሪያው ሴሚስተር ልምምድ መሥራት ይችላል፤ ዓመቱን ሙሉ ግን አይወዳደርም። ለአሠልጣኝ ይህ ከባድ ኪሳራ ነው። ቡድኑም ራሱ ይመዘናል፦ የስኮላርሽፕ ተማሪ በየሴሚስተሩ ብቁ ሆኖ ሲገኝ አንድ፣ ትምህርቱን ሳያቋርጥ ሲቆይ ደግሞ አንድ ነጥብ ያስገኛል። የአራት ዓመቱ ስሌት ከ1000 ከ930 በታች የወረደ ቡድን ቅጣት ይጠብቀዋል። በ2011 ሻምፒዮን የነበረው የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድን በ2013 ከአገር አቀፉ ውድድር የታገደው በዚሁ ነጥብ ምክንያት ነበር።

ይህን ሁሉ የምጽፈው መጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም። በቆጂ ተወልጄ፣ በ2007 በስኮላርሽፕ ወደ አንድ የመካከለኛው ምዕራብ ዩኒቨርሲቲ መጣሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ትምህርት አልወደቅሁም፤ 63 ክሬዲት ነበረኝ። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ከሒሳብ አያያዝ ወደ ነርሲንግ ተዛወርሁ፤ አማካሪዬም ፈገግ ብሎ ፈረመልኝ። ሦስተኛው ዓመት ሲጀመር ከዲግሪው 40 በመቶ ማጠናቀቅ ግዴታ መሆኑን፣ የሚቆጠረውም ለአዲሱ ዲግሪ የሚያገለግል ክሬዲት ብቻ መሆኑን ማን ነገረኝ? ከ120ው 48 ያስፈልገኝ ነበር፤ ለነርሲንግ የተቆጠረልኝ 44 ነበር። በአራት ክሬዲት ምክንያት የመኸሩን የአገር አቋራጭ ውድድር ሁሉ ውኃ ሳቀብል ከረምሁ። ከእኔ በ40 ሰከንድ የሚዘገይ ልጅ በቦታዬ ሲሮጥ «በርታ!» እያልሁ መጮህ ነበረብኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ከሦስተኛው ዓመት በኋላም 60፣ ከአራተኛው በኋላ 80 በመቶ ይጠበቃልና ልጅዎ ኮሌጅ ሲገባ የትምህርት ዘርፍ ለመቀየር ካሰበ ክረምቱ ሳያልፍ ክሬዲቱን ያስቆጥር።

«እንደ ያሬድ ንጉሤ» ብለው በደብዳቤዎ ግርጌ ጽፈዋል። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወልዶ በሉዊቪል ያደገው ያሬድ በኖተር ዴም ዩኒቨርሲቲ ባዮኬሚስትሪ እየተማረ ነው በ2019 የኮሌጆች የ1500 ሜትር ሻምፒዮን የሆነው፤ የፓሪሱ ኦሎምፒክ የነሐስ ሜዳሊያ በ2024 መጣ። ለልጅዎ ሲነግሩት ከሜዳሊያው በፊት ባዮኬሚስትሪውን ያስቀድሙ።

ጥያቄ፦ ቴክሳስ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ በተማሪ ቪዛ እየተማርሁ እግር ኳስ እጫወታለሁ። 12 ክሬዲት ይዣለሁ፤ ስታቲስቲክስ ሊጥለኝ ስለሆነ ላቋርጠው ነው። ችግር አለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እትሙ እስኪወጣ እንዳትቸኩል ብዬ ይህንኑ በኢሜይል ልኬልሃለሁ። አታቋርጥ። ሦስቱ ክሬዲት ሲቀነስ 9 ይቀርሃል፤ ከ12 በታች ከሆንህ ለጨዋታ አትሰለፍም፤ ከዚህ የከፋው ደግሞ ያለ ፈቃድ ከሙሉ ጊዜ ተማሪነት መውጣትህ ቪዛህን ያበላሻል። የግድ ከሆነ መጀመሪያ ሌላ ትምህርት ጨምር፣ ከዚያ ተው፤ በኢንተርኔት የሚሰጥ ከሆነ ግን ለቪዛህ በሴሚስተር አንድ ብቻ እንደሚቆጠር አትርሳ። ስታቲስቲክሱን ብትወድቅ እንኳ ሌሎቹን 9 ክሬዲት ካለፍህ በዲቪዥን አንድ በሴሚስተር የሚፈለገውን 6 ታሟላለህ፤ የሚጎዳው አማካይ ነጥብህ ነው። ኮሌጅህ ለስፖርተኞች በነፃ የሚያስጠና ሰው እንዳለው ጠይቅ፤ የምትጠይቀውም አሠልጣኝህን ሳይሆን የስፖርተኞቹን የትምህርት አማካሪ ነው።