የቀለም ብዕር ለዕለት ሥራ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለደረሱን ጥያቄዎች መልስ

ጥያቄ፦ ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ የማስተምር መምህር ነኝ። የትምህርት ዕቅድ የማዘጋጀውም የተማሪ ደብተር የማርመውም በእስክሪብቶ ነው፤ ማታ ማታ ጣቴን ያመኛል። ወደ ቀለም ብዕር ልዞር አስቤያለሁ። ለጀማሪ የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ መምህር፣ ጣትዎን የሚያሳምመው እስክሪብቶን ተጭነው መጻፍዎ ነው። የእስክሪብቶ ኳስ ካልተጫኑት አይዞርም። የቀለም ብዕር ግን ወረቀቱን ነካ ሲያደርጉት ቀለሙ ራሱ ይወርዳል። የመጀመሪያው ሳምንት ሥራዎ እጅዎን እንዳይጫን ማስለመድ ነው፤ እንደ እስክሪብቶ ከተጫኑት ጫፉ ይፈለቀቃል።

ብዕሩን ከመምረጥዎ በፊት ግን የሚጽፉበትን ወረቀት ይዩት። የተማሪ ደብተር ወረቀት ብዙ ጊዜ ስስ ነው፤ ቀለም ሲነካው ይንሰራፋል፣ በጀርባውም ያሳልፋል። ወፍራም ኒብ (ኒብ የምንለው ብረታማውን የብዕር ጫፍ ነው) እዚያ ላይ ብዙ ቀለም ስለሚያፈስ ገጹን ያበላሸዋል። ፊደላችንም ቀጭን ጫፍ ይወዳል። በወፍራም ኒብ በትንንሹ ሲጽፉ የ«ቤ» ቀለበት ይደፈንና «ቢ» ትመስላለች፤ «ጨ» እና «ጠ»ም ይምታታሉ። ለእርማት ደግሞ በመስመሮች መካከል ስለሚጽፉ ችግሩ ይብሳል።

ስለዚህ «ኤፍ» (ቀጭን) ወይም «ኢኤፍ» (በጣም ቀጭን) የተጻፈበትን ይፈልጉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፦ የጃፓንና የጀርመን መለኪያ አንድ አይደለም። የጃፓኑ «ኤፍ» 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ መስመር ሲያወጣ የጀርመኑ «ኤፍ» ወደ 0.6 ይጠጋል። ከጃፓኖቹ ፓይለት ካኩኖ ወይም ሜትሮፖሊታን በ«ኤፍ»፣ ፕላቲነም ፕሬፒ በ03 (የእሱ «ኤፍ» ነው)፤ ከጀርመኖቹ ላሚ ሳፋሪ በ«ኢኤፍ» ለእርስዎ ሥራ ይስማማሉ። ሳፋሪ መያዣው ሦስት ማዕዘን ስለሆነ ጣትን በአንድ ቦታ ያስቀምጣል። አያያዝዎ ከዚያ የተለየ ከሆነ ስለሚያስቸግርዎት ሳይሞክሩ አይግዙት።

ለመጀመሪያ አንድ ብቻ ምረጡ ብንባል ፕሬፒን እንመርጣለን። ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ ክዳኑም በውስጡ በስፕሪንግ የሚገፋ ሁለተኛ ክዳን ስላለው ቀለሙ ቶሎ አይደርቅም። ክረምት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ብዕሩ ከመሳቢያ ቢቀመጥም መስከረም ላይ ይጽፋል።

ሲገዙ ስለ ቀለም መሙያው አጥብቀው ይጠይቁ። ካርትሪጅ (ቀለም ተሞልቶ የሚሸጠው ትንሽ ቱቦ) ሁሉ አንድ አይደለም፤ የላሚ፣ የፓርከር፣ የፓይለትና የፕላቲነም እርስ በርስ አይገጥሙም። የካርትሪጅ አቅርቦት በማይዘልቅበት ከተማ የሚያዋጣው ኮንቨርተር፣ ማለትም ከብልቃጥ ቀለም የሚስበው ትንሽ ቀለም መያዣ ነው። አንድ ኮንቨርተር 0.7 ሚሊ ሊትር አካባቢ ይይዛል፤ 30 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ 40 ጊዜ ያህል ይሞላዋል። ለፕሬፒ ግን ኮንቨርተሩ ከብዕሩ ሊወደድ ስለሚችል፣ ባዶውን ካርትሪጅ አጥበው ከፋርማሲ በሚገዙት ሲሪንጅ መልሰው ይሙሉት። አፉን እንዳያሰፉት መርፌውን ሳያስነኩ ያንጠባጥቡ።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ እየኖርኩ ደሴ እሠራለሁ። ጠዋት በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ቢሮ ስደርስ የብዕሬ ክዳን ውስጡ በቀለም ተነክሮ አገኘዋለሁ። ማታ ስወርድ ግን ንጹሕ ነው። ብዕሩ ተሰንጥቆ ይሆን?

መልስ፦ ብዕርዎ ጤነኛ ነው። ቀለሙን የሚገፋው ዳገቱ ነው።

ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ደሴ ወደ 2,500 ትጠጋለች። በዚህ 650 ሜትር ልዩነት የአየር ግፊት ከ81 ኪሎ ፓስካል ወደ 75 ገደማ ይወርዳል። በኮንቨርተሩ ውስጥ ከቀለሙ በላይ የተዘጋው አየር ግን የኮምቦልቻን ግፊት ይዞ ስለሚሄድ፣ ደሴ ሲደርስ በ8 በመቶ ያህል ያብጣል። መውጫው በቀለሙ በኩል ብቻ ነውና ቀለሙን ከፊቱ ይገፋዋል።

በቁጥር ይዩት። ብዕሩ ሊያልቅ ሲል በውስጡ 0.6 ሚሊ ሊትር አየር አለ እንበል፤ የዚያ 8 በመቶ 0.05 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ ሙሉ ጠብታ ነው። ብዕሩ ሙሉ ሆኖ አየሩ 0.1 ሚሊ ሊትር ብቻ ቢሆን ግን የሚገፋው የጠብታ ስድስተኛ ያህል ነው። ይህንን ከኒቡ ሥር ያለው ባለ ሽንሽን ፕላስቲክ፣ ፊድ የሚባለው፣ በሽንሽኑ መሃል ይይዘዋል። ሽንሽኑ የተሠራውም ለዚሁ ነው። ብዕሩን በደረት ኪስ ከያዙት የሰውነት ሙቀት ይጨመርበታል፤ ከ20 ወደ 35 ዲግሪ የሞቀ አየር ሌላ 5 በመቶ ያብጣል። ማታ ሲወርዱ ተቃራኒው ይሆናል፦ አየሩ ይኮማተርና ቀለሙን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ስለዚህ ኮምቦልቻ ሲደርሱ የመጀመሪያው ቃል ደረቅ ሊልብዎት ይችላል፤ ጥቂት ከጻፉ ይስተካከላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ጠዋት ከቤት ሳይወጡ ብዕሩን ይሙሉት፤ ግማሽ አድርገው አይዙት። ከሞሉ በኋላ ኒቡን ወደ ላይ አድርገው አየሩ ከፍ እስኪል ይጠብቁ። ጉዞውን በሙሉ ኒቡ ወደ ላይ፣ ክዳኑ በደንብ የተዘጋ ይሁን፤ ያኔ ያበጠው አየር ቀለሙን ሳይገፋ በኒቡ በኩል ይወጣል። ቦርሳ ውስጥ ከተጋደመ ግን ቀለሙ ሊወጣ ይችላል። ደሴ ሲደርሱ ክዳኑን ኒቡ ሽቅብ እንዳለ ይክፈቱ፣ በሶፍት ይጥረጉ።

በአውሮፕላን የሚሄድ አንባቢም ሕጉ አንድ ነው። የተሳፋሪ ክፍል ግፊት አብዛኛውን ጊዜ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ግፊት በታች አይወርድም። ስለዚህ ከኮምቦልቻ ደሴ መውጣት ለብዕርዎ ከኮምቦልቻ ከሚነሳ በረራ የማያንስ ፈተና ነው።

ጥያቄ፦ በሸዋ በር የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። ቃለ ጉባኤውንና የአባላት መዝገቡን በሰማያዊ ቀለም ስጽፍ ቆይቼ መዝገቡን ዝናብ ነካው፤ ሁለት ገጽ ታጥቦ ሄደ። የማይታጠብ ቀለም አለ?

መልስ፦ አለ፤ የጠፋውም ገጽ በእርስዎ ጥፋት አይደለም። «ታጣቢ» ተብሎ የሚሸጠው ደማቅ ሰማያዊ ከልብስ እንዲለቅ ታስቦ የተሠራ ነው። ለተማሪ ደብተር ጥሩ ነው፤ ለመዝገብ ግን በጭራሽ አይሆንም። ውሃ ብቻ ሳይሆን በመስኮት የሚገባ ፀሐይም ያደበዝዘዋል።

ለመዝገብ የሚሆኑት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ብረትና ታኒን ያለበት ቀለም ነው፤ የፔሊካን 4001 ሰማያዊ ጥቁርና የፕላቲነም ሰማያዊ ጥቁር ከዚህ ወገን ናቸው። ሲጽፉት ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ይመስላል፤ አየር ሲያገኘው ብረቱ ከታኒኑ ጋር ተዋሕዶ በቀናት ውስጥ ይጠቁራል፣ ከወረቀቱም ጋር ይጣበቃል። ውሃ ቢነካው ሰማያዊው ይሄዳል፤ ጥቁሩ ጽሑፍ ይቀራል። አሲድነት ስላለው ግን በየአራት ሳምንቱ ብዕሩን በውሃ ያጥቡት፤ ካልታጠበ ብረቱን ይበላል፣ ዝቃጩም ፊዱን ይደፍናል። ሁለተኛው እንደ ፕላቲነም ካርቦን ጥቁር ያለ፣ የደቀቀ ጥቁር ብናኝ የያዘ ቀለም ነው። ከደረቀ ውሃ አይነካውም። ብዕሩ ውስጥ ከደረቀ ግን ማስለቀቁ ከባድ ስለሆነ በየቀኑ ለማይጽፍ ሰው አንመክረውም። እድር በወር አንዴ የሚሰበሰብ ከሆነ የመጀመሪያውን ይምረጡ፤ ከስብሰባው በኋላም አጥበው ያስቀምጡ።

መዝገቡ ላይ ከመጻፍዎ በፊት በዚያው ወረቀት ቁራጭ ላይ ሁለት መስመር ይጻፉ፣ ሦስት ቀን ያቆዩት፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ውሃ ውስጥ ይንከሩት። የሚነበብ ከሆነ ቀለሙ ይሆንዎታል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ የመዋጮ ደረሰኝ ሥሩ ካርቦን ካለበት በቀለም ብዕር አይጻፉት። ሳይጫኑ የሚጻፍበት ብዕር ቅጂው ላይ አይወጣም። ለዚያ እስክሪብቶ ይያዙ።

ጥያቄ፦ ሉሕ (ቁርኣን የምንማርበት የእንጨት ሰሌዳ) ላይ የምንጽፍበትን የጥላሸት ቀለም አሠራር ከመድረሳ ተምሬያለሁ። ይህን ቀለም ቀለም ብዕር ውስጥ መጨመር እችላለሁ? ጥቁረቱን የሚያህል ስለሌለ ነው።

መልስ፦ ጥቁረቱን እኛም እንወደዋለን፤ ብዕርዎ ውስጥ ግን አይጨምሩት። ጥላሸት ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ ተንሳፍፎ ነው የሚቆየው። በብልቃጥ ሲቀመጥ ሥሩ ላይ እንደሚዘቅጥ ያውቃሉ። ብዕሩም ውስጥ እንዲሁ ይዘቅጣል። ከዚያ ሙጫው ይደርቅና የዘቀጠውን ፀጉር በሚያህለው የፊድ ቦይ ላይ ይለጥፈዋል። በአብያተ ክርስቲያን ለብራና የሚዘጋጀውም ጥቁር ቀለም ጠባዩ ይኸው ነው። ፋብሪካ የሚያወጣቸው የብናኝ ቀለሞች የሚሠሩት ብናኛቸው እጅግ ስለደቀቀና እንዳይዘቅጥ ተደርጎ ስለተዘጋጀ ነው።

የጥላሸቱን ቀለም ለሠሩለት መሣሪያ፣ ለመቃ ብዕር ይተዉት። መቃ ሲደፈን ይታጠባል፣ ሲያረጅ ይቀረጻል።

አስቀድመው ጨምረውት ከሆነ፦ ኒቡን ከነፊዱ ለብ ባለ ውሃ ይንከሩት፤ ለአንድ ብርጭቆ ውሃ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይበቃል። 24 ሰዓት ያቆዩት፣ ውሃውን ሁለት ሦስት ጊዜ ይለውጡ፣ ከዚያ በኮንቨርተሩ ንጹሕ ውሃ እየሳቡ ጠርቶ እስኪወጣ ያስተፉት። የፈላ ውሃ ፕላስቲኩን ያጣምመዋል፤ አሴቶን ደግሞ ያቀልጠዋል።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ከሰዓት በኋላ ሲሞቅ ብዕሬ መስመር መሃል ላይ ይቆማል። ባለፈው ደግሞ ከወደቀብኝ ጀምሮ ወረቀቱን ይቧጥጣል።

መልስ፦ እህታችን፣ ሁለቱ ችግሮች የተለያዩ ናቸው። አስተማሪሽን እያዳመጥሽ ክዳኑን ከፍተሽ የምትቆዪ ከሆነ ሙቀቱ ጫፉ ላይ ያለውን ቀለም ያደርቀዋል፤ ሳትጽፊ ከደቂቃ በላይ ከቆየሽ ክደኚው። ክዳኑ ሳይከፈት ያደረ ብዕር ጠዋት ካልጻፈ ግን ክዳኑ አየር ያስገባል ማለት ነው። ሁለት የተለያየ ቀለም ሳታጥቢ ቀላቅለሽም እንደሆነ አስቢ፤ አንዳንድ ቀለሞች ሲገናኙ ይረጋሉ።

ለመቧጠጡ ኒቡን ፊት ለፊት ወደ ብርሃን ያዢውና በስንጥቁ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለቱን ጥርሶች ተመልከቺ። አንዱ ከሌላው ከፍ ብሎ ከታየሽ ዝቅ ያለውን ከሥሩ በጥፍርሽ ቀስ ብለሽ ወደ ላይ ግፊው፣ ለሁለት ሰከንድ ያዢው፣ ልቀቂውና ጻፊበት። ትንሽ በትንሹ፣ እየሞከርሽ። በአሸዋ ወረቀት ግን አትፈግፍጊው፤ ጫፉ ላይ ያለችው ጠንካራ የብረት ፍሬ ከተበላች አትመለስም።

ጥያቄ፦ ግራኝ ነኝ፤ እጄ የጻፍኩትን ያብሰዋል።

መልስ፦ ቀጭን ኒብና ቶሎ የሚደርቅ ቀለም፤ የፔሊካን 4001 ወገን እዚህ ላይ ይረዳል። ወረቀቱን ወደ ቀኝ አዘንብለው እጅዎን ከመስመሩ በታች ያሳርፉ፤ ከላይ አቅፈው አይጻፉ። በጣም የሚያንሸራትት አብረቅራቂ ወረቀት ቀለም ስለማይመጥ ለእርስዎ አይሆንም፤ ተራው የፎቶ ኮፒ ወረቀት ይሻላል።