ራሱን የሚያጠብቅ ክር አለ፤ የእናትሽ ግን ያ አይደለም

ሰላም እህቴ። እናትሽ ቸርችል ጎዳና አካባቢ ቀዶ ጥገና አድርገው በሚሟሟ ክር እንደተሰፉ ነግረሽን፣ «ሲሞቅ ራሱን የሚያጠብቅ ክር አለ ይባላል፣ እውነት ነው?» ብለሻል።

አዎ፣ እውነት ነው። ተመራማሪዎቹ አንድሪያስ ሌንድላይንና ሮበርት ላንገር በ2002 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት አሳይተውታል። ላልቶ የተቋጠረው ክር ወደ 40 ዲግሪ ሲሞቅ ቋጠሮው በሰከንዶች ውስጥ ይጠብቃል።

እንዴት? ፒያሳ ጊዮርጊስ ደጃፍ የሚሸጠውን ጧፍ አስቢ፤ ሲበርድ ይደርቃል፣ እጅሽ ሲያሞቀው ይለዝባል። ሰም ግን የቀድሞ ቅርጹን አያስታውስም፤ የሚያስታውስ ላስቲክ ነው። ክሩ የተሠራበት ፖሊመር፣ ማለትም ከረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች የተሠራ ፕላስቲክ መሰል ነገር፣ ሁለቱንም ጠባይ ይዟል። አንዱ ክፍል እንደ መረብ ተያይዞ የመጀመሪያውን ቅርጽ ይይዛል። ሌላው፣ ካፕሮላክቶን ከሚባል ነገር የተሠራው፣ ሲቀዘቅዝ እንደ ሰም ረግቶ ክሩን እንደተለጠጠ ይቆልፈዋል። ሲሞቅ ቁልፉ ይቀልጥና ክሩ ይሰበሰባል። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ይህ ቁልፍ ነው፤ በጠባብ ቀዳዳ ገብቶ ውስጥ የሚዘረጋ መሣሪያ የሚታሰበውም በዚሁ ነው። ሥራውን ሲጨርስ ደግሞ የሰውነት ውሃ ሰንሰለቱን ቀስ በቀስ ስለሚበጣጥሰው ለማውጣት ሁለተኛ ቀዶ ጥገና አያስፈልግም።

በሆስፒታሎቻችን የተለመደው የሚሟሟ ክር ግን መሟሟቱን እንጂ ይህን ጠባይ የለውም። ስለዚህ «ክሩ ይጥበቅ» ብላችሁ ቁስሉን በሙቅ ውሃ አትንኩ፣ አደራ። ካበጠ፣ መግል ከያዘ ወይም ካተኮሳቸው ዛሬውኑ ወደ ሐኪማቸው ውሰጃቸው። እግዚአብሔር ይማርልሽ።