መብራት በስልክ፦ ጠይቁኝ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ

የቤት ኤሌክትሪክ መስመር ዘርጊ ነኝ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የሥራዬ ግማሽ በስልክ የሚታዘዝ፣ «ስማርት» የሚባል መብራት መግጠም፣ ሌላው ግማሽ ደግሞ ሰዎች ራሳቸው ገጥመውት አልሠራ ያላቸውን ማስተካከል ሆኗል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነፃ ነኝ። በየተራ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ሰሚት ኮንዶሚኒየም አዲስ ገብተናል። ባለቤቴ ስማርት አምፖል እንግዛ ይላል፣ እኔ ግን ማብሪያ ማጥፊያው ቢቀየር ይሻላል ባይ ነኝ። ማንኛችን ልክ ነን?

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺ ነሽ ልክ። ምክንያቱን በአንድ ቤት ባየሁት ልንገርሽ። ልጅየዋ ስድስት አምፖሎች ገዝታ ሳሎኑንም መኝታ ቤቱንም አስገጠመች። እናትየው ግን ለአርባ ዓመት እንደለመዱት ማታ ከመተኛታቸው በፊት ቤቱን ዞረው ሁሉንም በግድግዳው ማጥፊያ ያጠፋሉ። ስማርት አምፖል ደግሞ ውስጡ ያለችው ትንሿ ሬዲዮ እንድትሠራ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ማግኘት አለበት። በግድግዳው ከተቋረጠበት ስልኩ ቢጫኑት ቢጫኑት አያገኘውም። ልጅየዋ ማጥፊያዎቹ ላይ ፕላስተር ለጥፋ «አይነካ!» ብላ ጻፈችበት። ከሳምንት በኋላ ስሄድ ፕላስተሩ ተልጦ የእናትየው ጥርጣሬ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ «ገንዘባችሁን ጨረሳችሁ፣ መብራቱም እምቢ አለ» አሉኝ።

ማብሪያ ማጥፊያው ራሱ ስማርት ሲሆን ግን እናት በጣታቸው፣ ልጅ በስልኳ፣ ሁለቱም ያበራሉ ያጠፋሉ። ስለዚህ እኔ የምገዛው ስልክ ለሌለው የቤተሰብ አባል አስቤ ነው። አምፖሉን የምመርጠው ቀለም መቀያየር ወይም ብርሃን መቀነስ ለሚፈለግበት ቦታ፣ ለምሳሌ ለአልጋ ራስጌ መብራት ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ማብሪያ ማጥፊያ ገዝቼ ሳጥኑን ስከፍተው ሁለት ሽቦ ብቻ አለ፤ መመሪያው ግን ኒውትራል ይላል። ሻጩ አታለለኝ?

መልስ፦ አላታለለህም፣ አልጠየቀህም እንጂ። በእኛ አገር አብዛኛው ቤት ወደ ማጥፊያው የሚወርደው ፌዙ (ኤሌክትሪክ ይዞ የሚመጣው ሽቦ) እና ወደ መብራቱ የሚመለሰው ሽቦ ነው፤ ኒውትራሉ (ኤሌክትሪኩ ዞሮ የሚመለስበት ሽቦ) በቀጥታ ወደ መብራቱ ይሄዳል። ተራ ማጥፊያ ኒውትራል አያስፈልገውም። ስማርቱ ግን ራሱም ትንሽ ኤሌክትሪክ ስለሚበላ ያስፈልገዋል።

ሦስት መንገድ አለህ። አንደኛው ኒውትራል ማውረድ ነው፤ ቱቦው ሰፊ ከሆነ ቀላል ነው፣ ካልሆነ ግድግዳ መሰንጠቅ ይመጣል። ሁለተኛው «ያለ ኒውትራል የሚሠራ» የሚለውን መግዛት ነው። ይኸኛው መብራቱ ጠፍቶም ጥቂት ኤሌክትሪክ በአምፖሉ በኩል እያሳለፈ ነው የሚኖረው። አምፖሉ ትንሽ ዋት ያለው ኤልኢዲ ከሆነ ሌሊት ብልጭ ብልጭ ይላል። ለዚህ ነው ካርቶኑ ውስጥ ትንሽ ካፓሲተር (ያቺን ጥቂት ኤሌክትሪክ አምፖሉን ሳትነካ የሚያሳልፍ ዕቃ) የሚያስቀምጡት። ብዙ ሰው «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ይጥለዋል። አትጣለው! መብራቱ ጋ፣ ከማጥፊያው በሚመለሰው ሽቦና በኒውትራሉ መካከል፣ ከአምፖሉ ጎን ለጎን ይታሰራል።

ሦስተኛው እኔ የምወደው ነው። እንደ ሶኖፍ ሚኒ ያለች የክብሪት ሳጥን የምታህል ሞጁል አለች። ኒውትራሉ ባለበት፣ ማለትም ኮርኒሱ ላይ መብራቱ ጋ ወይም የመስመር ማከፋፈያ ሳጥን ውስጥ ትገጠማለች። የድሮው ማጥፊያ ባለበት ይቀራል፣ እንደ ድሮውም ይሠራል። ቤቱን የሚያይ ሰው ምንም የተለወጠ አይመስለውም። ስትገጥም ብሬከሩን አጥፍተህ፣ ሽቦው እንደሞተ በፌዝ መፈተሻ አረጋግጠህ። ካልለመድከው ባለሙያ ጥራ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከአሜሪካ አራት ስማርት አምፖሎች ልኮልኛል። ልግጠማቸው?

መልስ፦ ቆይ! መጀመሪያ አምፖሉ አንገት ላይ የተጻፈውን አንብብ። የአሜሪካ ቤት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። «100-240» የሚል ካለው ይሠራል። 120 ብቻ ካለ አንድ ጊዜ ቦግ ብሎ ይሞታል። አደገኛው ነገር የአሜሪካው ጥምዝ አንገት ኢ26 የእኛው ኢ27 ማቀፊያ ውስጥ ልክክ ብሎ መግባቱ ነው፤ ሰው ከገባ ይሠራል ብሎ ያስባል። የአሜሪካ ማብሪያ ማጥፊያም እንዳያመጣ ንገረው፤ የግድግዳ ሳጥኑ ቅርጽ እንኳን አይገጥምም።

ጥያቄ፦ ከዱባይ የመጣስ?

መልስ፦ ቮልቱ ችግር የለውም። አንገቱን ብቻ እይ፤ የሚጠመዘዝ ነው ወይስ ገፋ አድርገው የሚያዞሩት ባለ ሁለት ጆሮው ቢ22? ሁለቱም እኛ ጋ አሉ፣ አንዱ ግን ሌላው ውስጥ አይገባም።

ጥያቄ፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ ምን ይሆናል? እኛ ሰፈር በሳምንት ሦስት ጊዜ ይሄዳል።

መልስ፦ ይህን ሳይጠይቅ የሚገዛ ሰው ብዙ ነው። የመጀመሪያዎቹን አምፖሎች ራሴ ቤት ገጥሜ በሁለተኛው ቀን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መብራት መጣ። የቤቱ አምፖሎች በሙሉ በነጭ ብርሃን በሩ። ልጆቹ ተነሡ፣ ሕፃኗ አለቀሰች፣ ባለቤቴ የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም። ከፋብሪካ ሲወጡ ብዙዎቹ ኤሌክትሪክ ሲያገኙ እንዲበሩ ተደርገው ነውና። መተግበሪያው ውስጥ ግን ኤሌክትሪክ ሲመለስ ምን ይሁን የሚል ምርጫ አለ፦ ይብራ፣ ይጥፋ፣ ወይም ከመሄዱ በፊት እንደነበረው ይሁን። የመጨረሻውን ምረጪ። ይህ ምርጫ የሌለውን ዕቃ አትግዢ።

ሌላ ነገር ልጨምር። ርካሽ አምፖሎችን ከስልክ ጋር እንደ አዲስ ለማገናኘት ሦስት ወይም አምስት ጊዜ በፍጥነት ማብራትና ማጥፋት ነው የሚጠበቅብሽ። መብራት እየመጣ እየሄደ ሲያስቸግር ደግሞ አምፖሉ ያንኑ እንዳደረግሽው ይቆጥርና ዋይፋዩን ይረሳል። «ተበላሸ» ተብለው ከተጣሉት ውስጥ ያልተበላሹ እንዳሉ አልጠራጠርም። ኤሌክትሪኩ ሲመለስ የሚመጣውን ከፍተኛ ቮልት የሚከላከል መሣሪያም ቆጣሪው አጠገብ አስገጥሚ። እሱ ለፍሪጁም ነው።

ጥያቄ፦ ስልኬ አምፖሉን አላገኘውም ይላል፣ ኢንተርኔት ግን አለ።

መልስ፦ አብዛኞቹ የዋይፋይ አምፖሎች የሚሰሙት 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለውን የዋይፋይ ሞገድ ብቻ ነው። ስልክህ በ5 ላይ ከሆነ አይተዋወቁም። ራውተሩ ላይ ሁለቱን ስም ለይተህ ስልክህን ወደ 2.4 አዛውር፣ ከዚያ አገናኝ።

በኪስ ዋይፋይ ለምትጠቀሙም፦ አንዳንዶቹ ከ10 መሣሪያ በላይ አይቀበሉም። ደግሞ ልጁ ዋይፋዩን ኪሱ ከትቶ ሲወጣ የቤቱ መብራት ሁሉ ከስልክ ውጭ ይሆናል። ራውተር ግድግዳ ላይ የሚኖር ዕቃ መሆን አለበት።

ጥያቄ፦ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። አዲስ አበባ ያሉት እናትና አባቴ ቤት የበሩ መብራት ማታ ማታ ሳይበራ ያድራል። ከዚህ ሆኜ ማብራት እችላለሁ?

መልስ፦ ትችላለህ፣ ግን በየማታው በእጅህ እንዳታደርገው። እዚያ ረፋድ ላይ ሥራ ላይ ስትሆን ነው እዚህ የሚመሸው፤ ትረሳለህ። ሰዓት ሙላለት። አዲስ አበባ ፀሐይ የምትጠልቅበት ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ከአንድ ሰዓት በላይ ስለማይለዋወጥ አንድ ጊዜ 12 ሰዓት ተኩል ብለህ ብትሞላ በጋም ክረምትም ያገለግላል። መተግበሪያው የእኛን አቆጣጠር ስለማያውቅ 18:30 ብለህ ነው የምትጽፈው። አንድ ደንበኛዬ «12:30» ብሎ ሞልቶ የበሩ መብራት በጠራራ ፀሐይ ይበራ ነበር። የቤቱን አድራሻም መተግበሪያው ውስጥ አዲስ አበባ አድርገው፣ አለዚያ በአሜሪካ ሰዓት ሊሄድ ይችላል።

የይለፍ ቃልህን ለማንም አትስጥ። እዚህ ያለውን ወንድምህን ወይም እህትህን በራሳቸው መለያ የቤቱ አባል አድርገህ አስገባቸው። አንዳንድ መተግበሪያዎች መለያው ሲከፈት የተመረጠው አገር ከተለያየ መጋራት አይፈቅዱምና መጀመሪያ በአንድ ዕቃ ሞክሩት። ለአባትህ ደግሞ የግድግዳው ማጥፊያ እንደሚሠራ አሳያቸው። በልጃቸው ፈቃድ ብቻ የሚበራ መብራት ማን ይወዳል?

ጥያቄ፦ የትኛው ቀለም ብርሃን ይሻላል?

መልስ፦ ለመኝታ ቤት 2700 ኬልቪን (ቢጫማው)፣ ለወጥ ቤት 4000 (ነጣ ያለው)። 6500 (ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ነጭ) ለሱቅ ነው።

ጥያቄ፦ ዚግቢ፣ ማተር የሚባሉትስ? ዋይፋይ አይበቃም?

መልስ፦ ለሦስት ለአራት መብራት ይበቃል። ችግሩ ብዙዎቹ የዋይፋይ ዕቃዎች ትእዛዙን ወደ ሩቅ አገር ኮምፒውተር ልከው ነው የሚመልሱት። ሳሎን ተቀምጠህ ሳሎኑን ለማብራት ባሕር ትሻገራለህ። ኩባንያው ቢዘጋስ? ተከስቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሪቮልቭ የሚባለው የቤት ማዘዣ ማዕከል በባለቤቶቹ ውሳኔ ተዘግቶ የገዙት ሰዎች እጅ ላይ ባዶ ሳጥን ሆኖ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ኢንስቲዮን የተባለው ኩባንያ ያለ ማስጠንቀቂያ ኮምፒውተሮቹን አጠፋ። የእኛንም እናስታውስ፦ በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር።

ዚግቢ ከዋይፋይ የተለየ የሬዲዮ መገናኛ ነው፤ ራውተሩ ላይ የሚሰካ ማዕከል ይፈልጋል። ነገር ግን ኢንተርኔት ባይኖርም ቤት ውስጥ የሚሠራ ማዕከል መምረጥ ትችላለህ። ኤሌክትሪክ የሚበላውም ጥቂት ስለሆነ ያለ ኒውትራል ለሚሠሩ ማጥፊያዎች ከዋይፋይ ይልቅ ይስማማል። ማተር እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ የወጣ የጋራ ስምምነት ነው፤ የአፕልም የጎግልም የአማዞንም መተግበሪያ አንዱን ዕቃ እንዲያዙት፣ እዚያው ቤት ውስጥ እንዲነጋገሩ ነው የተሠራው። ካርቶኑ ላይ ምልክቱን ካገኘህ ትንሽ ጨምረህ ግዛ።

ጥያቄ፦ ጂፕሰም ኮርኒሴ ላይ 24 ስፖት ላይት አለ። ሁሉንም ልቀይር?

መልስ፦ በፍጹም። የአንድ ማብሪያ ማጥፊያ ዋጋ ከ24 አምፖል ጋር አወዳድር።

ጥያቄ፦ ጠፍቶም ኤሌክትሪክ ይበላል ይባላል።

መልስ፦ እውነት ነው፣ ግን ትንሽ ነው። ግማሽ ዋት ብንል በዓመት 4.4 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ይሆናል።

ጥያቄ፦ የቦይለሩንም በዚያው ማጥፊያ ከስልክ ባዝዘው? ምጣዱንስ? (ሳቅ)

መልስ፦ ቦይለሩ አያስቅም፣ አቃጥለውበት አይቻለሁ። ብዙዎቹ የመብራት ማጥፊያዎች 10 አምፔር የሚችሉ ናቸው። 2000 ዋት ቦይለር ብቻውን 9 አምፔር ይወስዳል፤ ለሰዓታት ጠርዝ ላይ ሲሠራ ማያያዣው ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ለቦይለር ተብሎ የተሠራ ባለ 20 አምፔር አለ፣ እሱን ግዙ። 3500 ዋት ምጣድ ደግሞ ወደ 16 አምፔር ነው። ባይሞቅ እንኳን፣ ማን አጠገቡ እንዳለ ሳያዩ ምጣድ ከሩቅ አይለኮስም። ሊጥ የሚያፈስም መተግበሪያ ገና አልወጣም።

ጥያቄ፦ እኔ ተከራይ ነኝ። ግድግዳ መንካት አልችልም።

መልስ፦ እንግዲያው አንተ አምፖል ግዛ፤ ላይ ያልኩትን ሁሉ ለአንተ ሽሬዋለሁ። በገመድ ለሚሰካ መብራትም በስልክ የሚታዘዝ መሰኪያ አለ። የአከራዩን የድሮ አምፖሎች ግን ካርቶን ውስጥ ክተህ ከቁም ሣጥን በላይ አስቀምጥ፤ ስትለቅ ቆጥረው ይጠይቁሃል።