የመቶ ዶላሩ ሰውዬ ሙዚቀኛም ነበር እንዴ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። አዳማ ውስጥ ስልክ እጠግናለሁ። ማታ ማታ ክራር እጫወታለሁ፣ ግጥምም እሞካክራለሁ። አጎቴ «አንዱን ያዝ፣ ሁሉን ልሁን አትበል» እያለ ነጋ ጠባ ይጨቀጭቀኛል። በቀደም አንድ ጓደኛዬ መቶ ዶላር ላይ ያለው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ጸሐፊም፣ የፈጠራ ሰውም፣ ሙዚቀኛም ነበር አለኝ። እውነት ነው? ፕሬዝዳንት አልነበረም እንዴ? ደግሞስ ይሄን ሁሉ ሲሠራ በምን ይበላ ነበር?

መልስ፦ ጓደኛህ ልክ ነው። የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ግን ሆኖ አያውቅም፤ ዶላሩ ላይ ስላለ ብዙ ሰው ይመስለዋል።

እኔ የወደድኩት «በምን ይበላ ነበር» ያልከውን ነው። በማተሚያ ቤት።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1706 ቦስተን ተወለደ። አባቱ ሳሙናና ሻማ ሠሪ ነበሩ። በ12 ዓመቱ ወንድሙ ማተሚያ ቤት ሥራ ሊለምድ ገባ። ወንድሙ ጋዜጣም ያወጣ ነበር። ልጁ መጻፍ ያምረዋል፣ ግን «የኔ መሆኑን ካወቀ አያትመውም» ብሎ ፈራ። ስለዚህ በ16 ዓመቱ የእጅ ጽሑፉን ለውጦ፣ «ሳይለንስ ዱጉድ» የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት መስሎ ደብዳቤ ጻፈና ማታ በማተሚያ ቤቱ በር ሥር አሾልኮ ከተታት። በነጋታው ወንድሙና ጓደኞቹ እያነበቡ ሲያደንቁ፣ ማን ጻፈው እያሉ የትላልቅ ሰዎች ስም ሲጠሩ፣ እሱ እዚያው ሆኖ ይሰማል። እንዲህ እያለ 14 ደብዳቤ አስወጣ።

በ17 ዓመቱ ከወንድሙ ጋር ተጣልቶ ጠፋና ፊላደልፊያ ገባ። በ1729 የራሱን ጋዜጣ ያዘ። ከዚያ «ድሃው ሪቻርድ» በሚል ስም ቀን መቁጠሪያ፣ የአየር ሁኔታ ግምትና አባባል ያለበት መጽሔት በየዓመቱ ማውጣት ጀመረ፤ በዓመት ወደ 10,000 ቅጂ ይሸጥለት ነበር። ማተሚያው የራሱ ስለሆነ ጽሑፍህን አላትምም የሚለው ሰው የለም። የወረቀት ገንዘብም ያትም ነበር። አስመሳዮችን ለማስቸገር የእውነተኛ ቅጠል ቅርጽ ከነቀጫጭን መስመሮቹ ብሩ ላይ አሳረፈ፣ ምክንያቱም የቅጠል መስመሮችን አስመስሎ መቅረጽ ከባድ ነው። ገንዘብ አታሚው ሰውዬ ዛሬ ራሱ ገንዘብ ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን አልደብቅህም፤ ጋዜጣው የባሪያ ሽያጭ ማስታወቂያ ያወጣ ነበር፣ እሱም ባሪያ ነበረው። በስተርጅናው፣ በ1787፣ ባርነት ይቅር የሚል ማኅበር ፕሬዝዳንት ሆነ። (ፕሬዝዳንትነት ካልከኝ ይሄ አለ።)

በ1748፣ በ42 ዓመቱ፣ ማተሚያ ቤቱን ለሽርካው አስረከበ፤ ለ18 ዓመት የትርፉ ግማሽ እየደረሰው። መብረቅን በካይት (በክር ይዘው በነፋስ በሚያበሩት) የመረመረው፣ የመብረቅ መከላከያ ብረቱን የሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ማገዶ የሚቆጥበውን ምድጃ የሠራው ግን ገና ነጋዴ ሳለ ነው። የፔንስልቬንያ ገዥ «የመሸጥ መብቱን ላንተ ብቻ ልስጥህ» ቢለው አልፈልግም አለ፤ እኛም በሌሎች ፈጠራ ስንጠቀም ኖረናል ብሎ። ለንደን ውስጥ አንድ ብረት ነጋዴ ትንሽ ነካክቶ በራሱ ስም አስመዘገበና ተጠቀመበት። እኔ ብሆን እንቅልፍ አልተኛም ነበር።

ወደ ሙዚቃው ልምጣ። እንግሊዝ አገር ሳለ ሰው ውሃ በተሞሉ ብርጭቆዎች ጠርዝ ላይ እርጥብ ጣቱን እያሸ ዜማ ሲያወጣ ሰማ። ወደደው፣ ግን ብርጭቆውን መደርደሩና ውሃውን መለካቱ አሰልቺ ነው። በ1761 ውሃውን ተወና 37 የመስታወት ሳህኖችን በመጠን በመጠን አንዱን ባንዱ ውስጥ አድርጎ በአንድ የብረት ዘንግ ላይ ሰካቸው። ዘንጉ በእግር መርገጫ ይሽከረከራል፣ ልክ እንደ ልብስ ስፌት ሲንጀር። አንተ ጣትህን አርጥበህ ማስነካት ብቻ ነው። የቱ ሳህን የቱ ድምፅ እንደሆነ እንዲለይ ቀለም ቀባቸው። «አርሞኒካ» አለው። ሞዛርት ሳይቀር በ1791 ለዚህ መሣሪያ ሙዚቃ ደርሷል።

አጎትህን በተመለከተ፣ ስልክ ጥገናው ኪራይህን እስከከፈለ ድረስ በክራሩ ምን አገባቸው? ጥገናውን ተው ያለህ ሰው ካለ ግን እሱንም አትስማ።

ድምፁን መስማት ካማረህ ቀጭን የወይን ብርጭቆ ፈልግ፣ የጠላው ወፍራም ስለሆነ እሺ አይልህም። ቂጡን በአንድ እጅህ ጠበቅ አድርገህ ያዝ፣ ጣትህን አርጥበህ ጠርዙን ቀስ እያልክ ዙረው። እጅህን በሳሙና መታጠብ እንዳትረሳ፣ ትንሽ ቅባት ካለበት ጭጭ ነው የሚለው።